ስልኩ ሲጠራ ማን ይሄዳል? ስለ ሕፃናት መስመርና ስለ ለጋሽ ገንዘብ የተነሳ ክርክር

አወያይ፦ ጉዳዩ ይኼ ነው። አንድ የጎንደር ግብረ ሰናይ ድርጅት ለልጆች ነፃ የስልክ መስመር ሊከፍት ነው። የሁለት ዓመቱን ወጪ አንድ የውጭ ለጋሽ ይችላል። ከዚያ በኋላ እድሮችና ነጋዴዎች እንድንረከብ ደብዳቤ ደርሶናል። የእኛ እድር ይፈርም? እኔ ገና አልቆረጥኩም።

የአዘዞው፦ አይፈርም። የሁለት ዓመት ፕሮጀክት እንዴት እንደሚያልቅ እናውቃለን። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ከዚያ «ፌዝ አውት» ተብሎ ፕሮጀክቱ ይዘጋል። ቁጥሩ ግን የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይቀራል። ልጁ ደውሎ የሚያነሳ ካጣ ሁለተኛ ለማንም አይናገርም። ከዚህስ ባይከፈት ይሻላል።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ማታ ተረኛ ሆነህ ብታይ እንዲህ አትልም። እኛ ጋ ልጅ የሚመጣው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ስንጠይቅ ጎረቤት ያውቅ ነበር፣ መምህሩም ጠርጥሮ ነበር። ለማን ይንገሩ? ሁለት ዓመትም ቢሆን ሁለት ዓመት ነው።

የአዘዞው፦ ሁለት ዓመቱስ በምን ዋስትና? ጥር 2017 ላይ አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን በአንድ ፊርማ ስታቆም አላየንም? ቢሮ ያደረ ሰው ቤቱ ዋለ።

ጋሼ መምህር፦ ልጆቼ፣ እኔ የሚገርመኝ መንግሥትን ማንም አለማንሳቱ ነው። የሕፃናት መብት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ተጽፏል። ልጅ መጠበቅ የለጋሽ ሥራ ነው እንዴ? የእድር ሥራ ደግሞ መቅበር ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ግን መንግሥትም ከባዶ አይጀምርም። ሕንድ 1098 የሚባል የልጆች ቁጥር አላት። በ1996 እ.ኤ.አ. ሙምባይ ላይ የጀመረው በድርጅት ነው። እየሰፋ ሲሄድ ገንዘቡን መንግሥት፣ ሥራውን ድርጅቶች ያዙት። በ2023 መንግሥት ወደ ራሱ ወሰደው። እንግሊዝም አገር በ1986 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መስመር ከ20 ዓመት በኋላ ከትልቁ የሕፃናት ድርጅት ጋር ተቀላቅሏል። ሁለት ዓመት ቀልድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

የእኛን አገር ደግሞ ከውስጥ ስለማውቀው ልንገራችሁ። በድሮው አዋጅ፣ በ621/2001፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ መሥራት አይችልም ነበር። ለአስተዳደር ከ30 በመቶ በላይ ማውጣትም ክልክል ነበር። አስተዳደር የሚባለው ደግሞ ጉድ ነበር። ልጁ ቤት ድረስ የሚሄደው ሠራተኛ ትራንስፖርት ሳይቀር እዚያ ውስጥ ይገባብን ነበር። በ1113/2011 አዋጅ በመብት ሥራ ላይ የነበረው ክልከላ ተነሳ። የለጋሽ ጠባይ ግን ያው ነው። ኮምፒውተር ይገዛል፣ ሥልጠና ይከፍላል። የሌሊት ተረኛ ደመወዝ ስትሉት ፊቱ ይጠቁራል። ሪፖርት ላይ «ይህን ያህል ጥሪ ተቀበልን» ማለት ያምራል። «ይህን ያህል ልጅ ቤት ሄድን» የሚለው ያንሳል፣ ስለዚህ አይጻፍም።

አወያይ፦ ይቺን ነገር እኔም አውቃታለሁ። ጎረቤታችን ቤት የ13 ዓመት ሠራተኛ ነበረች። አንድ አርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ጩኸቷን ሰምቼ ወደሚመለከተው ቢሮ ደወልኩ። ስልኩ ተነሳ። ሴትየዋ በትሕትና አነጋገረችኝ፣ ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ «መኪና የለንም፣ ሰኞ ጠዋት ይምጡ» አለችኝ። ሰኞ ስሄድ ልጅቷ ወደ አገሯ ተልካለች ተባለ። ማን ላካት፣ ደረሰች ወይ፣ እስካሁን አላውቅም።

ነርሷ፦ አይ የእኛ ነገር።

የማራኪ ልጅ፦ ይቅርታ ላቋርጥና፣ የቆሎ ተማሪዎቹስ? ከየገጠሩ መጥተው በየደብሩ የሚማሩት ልጆች ስልክ የት አላቸው? ሊስትሮዎቹ እንኳ ይሻላሉ።

ነርሷ፦ ልጁ ባይደውል ቁራሽ የምትሰጠው እናት ትደውላለች። ብቻ በአፕ እንዳይሆን! ኢንተርኔት ተዘግቶ የከረመውን አትርሱ። ካርድ የማይቆርጥ ተራ ጥሪ ይሁን። ለዚያ ደግሞ ቴሌም ውሉ ውስጥ ይግባ።

አወያይ፦ እንግዲህ አሁን ቆረጥኩ። እድሩ ደብዳቤው እንዳለ አይፈርም። ለድርጅቱ መልሰን እንጻፍ። ለጋሹ የሌሊት ተረኛውን ደመወዝ በውሉ ያስገባ፣ የከተማው ሴቶችና ሕፃናት መምሪያም ከአሁኑ አብሮ ይፈርም፤ ሁለት ዓመት ሲሞላ አይደለም። እኛ ስልኩን አንከፍልም። የምንከፍለው መጓጓዣውንና ልጁ የሚያድርባትን አንድ ክፍል ነው።

ጋሼ መምህር፦ መምሪያው እምቢ ካለስ?

አወያይ፦ እምቢታውን በጽሑፍ እንቀበላለን ጋሼ።

የአዘዞው፦ መጓጓዣ ትላላችሁ፣ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ባጃጅ ከየት ታመጣላችሁ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃላ።

የአዘዞው፦ ወረቀቱን አምጡ፣ የእኔ ባጃጅ አለች። ለነዳጁ ብቻ ነው የምትከፍሉኝ። ደብዳቤው ላይ ግን አሁንም አልፈርምም።