ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ለሚሠራ የማጥመጃ ጀልባ ማሻሻያው ከምን ይጀመራል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ አሳ ለማጥመድ በማሰብ 5.2 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ያገለገለ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዝቻለሁ። ከመግዛቴ በፊት አጥማጆችን እየመራ ከሚተዳደር አንድ ባለሙያ ጋር ሁለት ቀን ወጥቼ ነበር፤ ጀልባውን ራሱ እንደሚመቸው አድርጎ ያሻሻለው ስለሆነ እያንዳንዱን ነገር ለምን እንዳደረገው ማወቅ እፈልጋለሁ። ከሞተሩ በላይ ከአሉሚኒየም ቱቦ የተሠራ መድረክ አለ፤ እዚያ ላይ ቆሞ 6 ሜትር በሚሆን ዘንግ የውሃውን ወለል እየገፋ ጀልባውን ያንቀሳቅሳል። በፊተኛው ወለል ላይ አንድም ወጣ ያለ ብሎን ወይም የገመድ ማሰሪያ አላየሁም፤ ክዳኖቹ ሲዘጉ ድምፅ የላቸውም፤ አንደኛው ባትሪ ደግሞ ከፊት ወለል ሥር ተቀምጧል። ገንዘቤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመሥራት ስለማይበቃ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይና ወደ ታች በሚያንቀሳቅሰው ማንሻ ለመጀመር አስቤያለሁ። ትክክል ነኝ? መድረኩስ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል?

የመጀመሪያ መልስ

በዚህ ሥራ ረጅም ጊዜ የቆየሁ ስለሆነ አሳቤን በግልጽ ልንገርዎት፤ በማንሻው አይጀምሩ። መጀመሪያ የሚታየው ክብደቱና ክብደቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የእርስዎን በሚያህል ጀልባ ውሃውን የሚነካው ስፋት ወደ 6 ካሬ ሜትር ስለሚጠጋ፣ የሚጨመርበት እያንዳንዱ 60 ኪሎ ያህል ጀልባውን 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ያወርደዋል። ሁለት ሰውና ዕቃቸው 200 ኪሎ ቢሆኑ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ጠፋ ማለት ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ውሃ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ከዚያ የሚብሰው ግን ሚዛኑ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከጀልባው መሃል 2.2 ሜትር ወደ ኋላ ርቆ መድረኩ ላይ ሲቆም ክብደቱ በርቀቱ ሲባዛ 165 ይሆናል፤ የኋላው ይሰጥማል፣ የፊቱም ተነሥቶ ነፋስ እንደ ሸራ ይገፋዋል። 30 ኪሎ ባትሪ ከኋላ 4 ሜትር ወደ ፊት ሲዛወር 120 ያህሉን ያካክሳል። መሪዎ ባትሪውን ከፊት ያስቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የሞተር ማስነሻው ባትሪ ባይነካ ይሻላል፤ ማስነሻው የሚስበው ኃይል ከፍተኛ በመሆኑ ሽቦው በረዘመ ቁጥር እጅግ ወፍራምና ከባድ ሽቦ ይጠይቃል። ወደ ፊት የሚሄደው ከፊት ለሚገጠመው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚያገለግለው ባትሪ ነው፤ ፊውዙም ከባትሪው አጠገብ ይሁን።

ምንም ሳይበሱ መሞከር ይችላሉ። ጀሪካን ውሃ ሞልተው፣ 1 ሊትር 1 ኪሎ መሆኑን በማሰብ ከቦታ ቦታ እያዘዋወሩ፣ ከፊትና ከኋላ ባደረጉት ምልክት ጀልባው ምን ያህል እንደወረደ በሜትር ይለኩ።

ሁለተኛ መልስ

ስለ ሚዛኑ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ጸጥታ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነው። ድምፅ በውሃ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1,500 ሜትር ይጓዛል፤ ይህም በአየር ውስጥ ካለው ከአራት እጥፍ በላይ ነው። አሳ ደግሞ በጎኑ ላይ በተዘረጋው የስሜት መስመር ቅርብ ያለውን የውሃ ንቅናቄ ያውቃል። ስለዚህ አንድ ክዳን ጧ ብሎ ሲዘጋ ያን ቀን የመጡበት አሳ ሄደ ማለት ነው። ከክዳኖቹ ጠርዝ ሥር ጎሚኒ ይለጥፉ፤ የላሉ ዕቃዎችን ሁሉ ማሰሪያ ያብጁላቸው፤ ዘንጉም ጠንካራ ወለል ላይ ሲያርፍ እንዳያንኳኳ ሹሉን ጫፍ ሳይሆን ሰፊውን እግሩን ይጠቀሙ።

ወለሉ ላይ ምንም ወጣ ያለ ነገር ያላዩት በመወርወሪያው ክር ምክንያት ነው። ክሩ እግር ሥር ተዘርግቶ ሳለ ትልቅ አሳ ይዞ ሲሮጥ አንዲት የብሎን ጭንቅላት ብትይዘው ይበጠሳል። የገመድ ማሰሪያዎቹ ወደ ወለሉ ገብተው የሚታጠፉ ይሁኑ፤ ረጃጅሞቹ ማጥመጃዎችም ከጎን ጠርዙ ሥር ተጋድመው ይቀመጡ።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን አደራ እላለሁ። ብዙ ያገለገሉ ጀልባዎች ከፋይበርግላሱ ሥር ኮምፔንሳቶ አላቸው፤ በቀጥታ ተበስቶ ብሎን ከተመታበት ውሃ ሰርጎ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ቀዳዳውን ከሚፈለገው በላይ አስፍተው ይብሱ፣ በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ይሙሉት፣ ከደረቀ በኋላ በልኩ እንደገና ይብሱት። ይህን ባለማወቄ የመጀመሪያ ጀልባዬን የኋላ ወለል ሙሉ በሙሉ ለማስቀየር ተገድጃለሁ።

ሦስተኛ መልስ

ሞተሩን በሚመለከት፣ ማንሻው ጠቃሚ ቢሆንም ራሱ ክብደት አለው፤ ሞተሩንም ወደ ኋላ ስለሚያርቀው አስቀድሞ የተባለውን ሚዛን ያባብሰዋል። ሞተሩ ከፍ ሲል የማቀዝቀዣ ውሃ መግቢያው ከውሃ በላይ እንዳይቀር የውሃ ግፊት መለኪያ ይግጠሙ፤ ፕሮፔለሩም አየር እየሳበ ጉልበት እንዳያጣ ጠርዙ ጎበጥ ያለ ዓይነት ይምረጡ። ደግሞ ጀልባው በሚንሳፈፍበት ጥልቀት ሁሉ ተነሥቶ መሮጥ ይችላል ማለት አይደለም፤ ሲነሣ የኋላው ስለሚቀመጥ የበለጠ ውሃ ይፈልጋል። የባሕር ሣር ባለበት ቦታ በፕሮፔለር የተቆረጠ ሥር እስኪያገግም ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ አሳውም የሚመገበው እዚያው ነው። ስለዚህ ጠለቅ ወዳለው መስመር እስኪደርሱ በዘንግ ይግፉ።

መድረኩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በፍሎሪዳ ቢስኬይን የባሕር ወሽመጥ ይሠራ በነበረው የአጥማጆች መሪ በቢል ከርቲስ እንደተጀመረ ይነገራል። ዓላማው አሻግሮ ማየት ነው፤ ከላይ ሲያዩ የውሃው ነጸብራቅ ይቀንሳል። ነገር ግን በጣም ከፍ ካለ ጀልባውን ያናውጣል፣ አሳውም ሰውየውን ከሩቅ ያየዋል። ዝቅተኛ ልኩን የሚወስነው ሞተሩ ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲነሣ መድረኩን መንካት የለበትም። እኔ ከዚያ ልክ ጥቂት ብቻ አስበልጬ አቆማለሁ፤ የአራቱ እግሮች ብሎኖችም ከወለሉ ሥር ሰፋፊ የብረት ሳህን ይያዝላቸው።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ነፋስ በሌለበት ሰዓት ሞከርኩት። መድረኩ በሚቆምበት ቦታ ላይ ስቆም የኋላው 4 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ወረደ። ከዚያ ባትሪውን አውጥቼ በምትኩ 30 ሊትር ውሃ ከኋላ አስቀመጥኩና ወደ ፊት ሳዘዋውረው 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ተመልሶ ተነሣ። ማንሻውን ትቼዋለሁ፤ በዚያ ገንዘብ ሽቦውንና ጎሚኒውን እገዛለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው፤ ባትሪውን በሊቲየም ብቀይረው ክብደቱ ከግማሽ በታች ይሆናል፤ ያኔ ሚዛኑን አላጣም?

የመጀመሪያው መላሽ

ከሚዛኑ የተወሰነ ያጣሉ፤ ጀልባው ግን በጠቅላላ ስለሚቀልል ልዋጩ አይከፋም። የጎደለውን የመጠጥ ውሃውንና መልሕቁን ወደ ፊት በማዛወር ይሙሉት። በጀሪካኑ አንድ ጊዜ ደግመው ይለኩ፤ የፊቱ ከኋላው ዝቅ ካለ ግን ጀልባው በዘንግ ሲገፋ ቀጥ ብሎ አይሄድምና እዚያ ላይ ያቁሙ።