ሐይቅ ከተማ ወይስ ኮምቦልቻ? ለወላጆቻችን ምክር ፈልገን

ሰላም ወሎዬዎች! እናትና አባታችን ጡረታ ወጥተዋል። የደሴ ብርድ (ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው) ጉልበታቸውን ስለጎዳው ውሃ ዳር ማረፍ ይፈልጋሉ። ልባችን ሐይቅ ከተማ ላይ ነው፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አየሩ ለስለስ ያለ፣ ለአባታችንም የእስጢፋኖስ ገዳም ቅርባቸው ነው።

የቸገረን ቤቱ ነው። ሐይቁ መውጫ ወንዝ ስለሌለው ዝናብ ሲበዛ ውሃው ወደ ዳር ይገፋል። ታዲያ ከዳር ምን ያህል ርቆ መከራየት ይሻላል? የጭቃ ቤቶቹ ግድግዳ ከሥር እርጥበት ይስባል? መስከረምና ጥቅምት ላይ ወባው እንዴት ነው? ቧንቧስ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊት ቢታመሙ ደሴ ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ይገኛል?

ኮምቦልቻ ሜዳ ስለሆነ ለእግር ይቀላል፣ ግን ይሞቃል፤ ሐይቅም የለውም። ሳይገዙ በፊት አንድ ክረምት ተከራይተው ይዩት ብለናል። ደረቅ ቦታ ላይ ያለ፣ ደረጃ የሌለው ቤት የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙን።