በመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ ላይ የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቅ፦ የወንዝ ዳርና የእርሻ መሬት ክፍል

ሰብሳቢ፦ «አረንጓዴ ቦታ ይጠበቅ» የሚለው አንቀጽ እንዲሁ ከቀረ የመንገድ አካፋይ ሣርም የኳስ ሜዳም በዚያው ስም ይቆጠራሉ። ደን፣ ረግረግ፣ የወንዝ ዳርና እርሻ ለየብቻ በሄክታር ይጻፉ፤ የአንዱ ጉድለት በሌላው እንዳይሸፈን።

የውሃ ንዑስ ቡድን፦ ለወንዝ ዳር በግራም በቀኝም 20 ሜትር እናቀርባለን። በአንድ ኪሎ ሜትር 4 ሄክታር ስለሚሆን ጥያቄ አይቀርም፤ ስሌቱ ከወዲሁ ይያያዝ። ዋናው ነገር መነሻው ነው። ልኬቱ ከደረቅ ወቅቱ ውሃ መሃል ከተጀመረ፣ ወንዙ በሚሰፋበት ቦታ የሚጠበቀው መሬት ራሱ በጎርፍ ይዋጣል። ስለዚህ በዝናብ ወቅት ውሃው ከሚደርስበት ጫፍ ይለካ። ዓመቱን ሙሉ የማይፈሱ ትንንሽ ፈፋዎችም ካርታው ላይ ይግቡ፤ ቀድመው የሚደፈኑት እነሱ ናቸው፣ ከታች ያለውን ሰፈር የሚያጥለቀልቀውም ያው የተደፈነው ውሃ ነው።

በስልክ ጂፒኤስ ብቻ ድንበር አይያዝ። ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ሊስት ይችላል፤ ከ20 ሜትር ሩቡ ሄደ ማለት ነው። በመለኪያ ሜትር ይረጋገጥና የድንበር ድንጋይ ይተከል።

የእርሻ ንዑስ ቡድን፦ ያላችሁት 20 ሜትር የሚያርፈው ማሳ ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ ከታረሰው ላይ ከተቆረጠ ገበሬው ድንጋዩን ራሱ ይነቅለዋል፤ አይፈረድበትም። ለሁለት ይከፈል፦ ወደ ውሃው ያለው 10 ሜትር አይነካ፤ የውጪው 10 ሜትር ሣር የሚታጨድበት፣ የፍራፍሬ ዛፍ የሚተከልበት ይሁን። ማረስና ፀረ ተባይ መርጨት ግን በሁለቱም ይከልከል።

የእርሻ መሬት የኪራይ ዘመንም ረቂቁ ውስጥ ይግባ። ኮምፖስት ጥቅሙን የሚሰጠው በዓመታት ስለሆነ ነገ ሊነሳ የሚችል ተከራይ አፈሩን አያዳብርም። ከ10 ዓመት በታች ባይሆን። ማሳን ለሁለት የሚሰነጥቅ መንገድም ዳር ዳሩን ይዞር፤ የሚተርፈው ሦስት ማዕዘን ቁራሽ ለማረስ አይመችም፣ ጦሙን ያድርና «ባዶ መሬት» ተብሎ ይወሰዳል።

የአፈር ባለሙያ፦ ግንባታ የግድ ከሆነ የላይኛው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር አፈር በደረቁ ተገፎ ለብቻው ይቀመጥ። ክምሩ ከ2 ሜትር አይለፍ፤ ከፍ ካለ ከሥሩ አየር ያጣና ይበላሻል።

የውሃ ንዑስ ቡድን፦ በ10+10ው ተስማምተናል። ገደላማ ቦታ ላይ ግን የማይነካው ወደ 15 ይስፋ።

ሰብሳቢ፦ ገብቷል። የኪራይ ዘመኑን የሚቃወም የሚለውን የዓመት ቁጥር ከነምክንያቱ ይጻፍ።