«ደህና ነኝ» ማለት ነጥብ ያስቀንሳል እንዴ?

ጠያቂ፦
ሰላም ናችሁ? እዚህ አሜሪካ፣ ሲያትል፣ በቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ጋሼ አሉ፤ 61 ዓመታቸው ነው። ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን መኪናቸው ውስጥ ያድራሉ። 14 ወር ሆናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ኢንሱሊናቸው የሚቀመጠው እኔ ፍሪጅ ውስጥ ነው። ቤት ለሌላቸው ምዝገባ የሚደረግበት ቢሮ ይዣቸው ሄድኩ። ያስተረጎምኩት እኔው ነኝ። «ባለፈው ስድስት ወር ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል?» ሲባሉ «ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ሁለቴ አምቡላንስ ወስዷቸዋል እኮ! በትልቅ ሰው ፊት «አይ፣ ገብተዋል» ልበል? ዝም አልኩ። አሁን ነጥባቸው ዝቅተኛ ነው ተባልን። ከኛ በኋላ የተመዘገበ ሰው ቤት ገብቷል። ወረፋው እንዴት ነው?

የመጠለያ ሠራተኛ፦
እህቴ፣ ወረፋ አይደለም። ቤቱ ጥቂት ስለሆነ፣ ውጭ ቢቆይ ይበልጥ የሚጎዳው ይቅደም ነው ነገሩ። ጉዳቱ የሚመዘነው ግን በአብዛኛው ከሰውየው አፍ በሚወጣው ነው። የኛ ሰው ደግሞ ገመናውን ለማያውቀው ሰው አይዘረግፍም።

የኛ ብቻም አይደለም። ብዙ ከተሞች ቪአይ-ስፕዳት በሚባል መጠይቅ ነጥብ ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት፣ ሲያትል ባለችበት ዋሽንግተን ስቴት ካሉ አካባቢዎችም መረጃ ወስዶ፣ ነጭ ያልሆኑ ሰዎች በአማካይ ዝቅ ያለ ነጥብ እንደሚያገኙ አሳየ። አዘጋጆቹ ራሳቸው በ2020 መጨረሻ ሊተዉት መሆኑን ተናገሩ። መጠይቁ ቢቀየርም የኛ «ደህና ነኝ» ያው ነው።

እንደገና ይጠየቁ በይ። የአምቡላንሱንና የሆስፒታሉን ወረቀት፣ የሐኪም ደብዳቤም ያዢ። አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ጠይቂ፣ ነፃ ነው። አንቺ አታስተርጉሚ፤ ባንቺ ፊት እግሬ ቆስሏል አይሉም።

መኪና ውስጥ ማደር ቤት አልባ ሆኖ እንደመኖር ይቆጠራል። ሰው ቤት ሶፋ ላይ ማደር ግን ለዚህ አይቆጠርም። 12 ወር ሳይቋረጥ ውጭ መቆየትና የጤና ችግር አንድ ላይ ሲሆኑ ትልቅ ክብደት አላቸው። ሰው ቤት በተከታታይ 7 ሌሊት ካደሩ ቆጠራው ይቋረጣል። ከ90 ቀን በታች ሆስፒታል መተኛት ግን አያቋርጠውም።

ሌላ አንባቢ፦
ታዲያ በብርድ አሳዝኖኝ ዘመዴን ሁለት ሳምንት ባሳድረው በደልኩት ማለት ነው? ምን ዓይነት ሕግ ነው! ወይስ ዋሹ እያልከን ነው?

የመጠለያ ሠራተኛ፦
ኧረ አትዋሹ፤ ያለውን አትደብቁ ነው ያልኩት። ዘመድህንም አሳድር፣ በብርድ ይሙት አልወጣኝም። ቆጠራው ቢቋረጥበትም በሦስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ ውጭ ከወደቀና ተደምሮ 12 ወር ከሞላ ይያዝለታል። ቀኑን ጻፉ ብቻ። ደግሞ ልንገራችሁ፣ ነጥቡ ከፍ ብሎም ዓመት የጠበቀ አውቃለሁ።

ጠያቂ፦
ተባረክ። ለጋሼ ነገርኳቸው። «ለማኝ ልታደርጊኝ ነው?» ብለው ተቆጡ። ማታ ደውለው «የሆስፒታሉ ወረቀት ወንበሩ ሥር ነው» አሉኝ። ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። እኔ ውጭ እጠብቃለሁ።