ከተማው ለመናፈሻ የሚሆን መሬት ይግዛ ወይስ አይግዛ?

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ አንድ ከተማ በመኖሪያ ሰፈሮች መካከል የሚገኝ ሰፊ መሬት ከባለቤቱ ገዝቶ የሕዝብ መናፈሻ ሊያደርገው አስቧል። መሬቱ በአብዛኛው ባዶ ነው፤ በአንድ ጠርዙ ግን ተከራይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች አሉ። ቤት ሠርተው የሚሸጡ ድርጅቶችም ይፈልጉታል። ምክር ቤቱ ምን ይወስን?

የበጀት ባለሙያው፦ እኔ አልደግፍም። የመሬቱ ዋጋ አንድ ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል። የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ የሚመጣው ወጪ ነው፦ አትክልተኛ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ጥበቃ፣ የመጸዳጃ ቤት ጽዳት። ግዢው ከካፒታል በጀት ይወጣል፤ ጥገናው ግን የመደበኛ በጀት ዕዳ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ደግሞ የመምህራንን ደመወዝ የሚነካ የለም፤ መጀመሪያ የሚቆረጠው የመናፈሻው ነው። መብራቱ የጠፋ፣ አጥሩ የፈረሰ መናፈሻ ሴቶችና ልጆች የሚሸሹት ቦታ ይሆናል። በዚያ ላይ መሬቱ ወደ ከተማው ሲዞር ከእሱ ይሰበሰብ የነበረው ግብር ይቀራል።

የከተማ ፕላን ባለሙያዋ፦ ስለ ጥገናው ያሉት እውነት ነው፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን እዚህ ልንሠራቸው የምንችላቸው ሁለት ስህተቶች እኩል አይደሉም። ዛሬ ገዝተን ለጥቂት ዓመታት ማልማት ቢያቅተን መሬቱ እዚያው ይጠብቀናል። ዛሬ ትተነው ነገ ብንፈልገው ግን የምንገዛው መሬት ሳይሆን ሰው የሞላበት ሕንፃ ነው፤ ያንን አፍርሶ ሣር ለመትከል የሚደፍር ምክር ቤት በቀላሉ አይገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ምክር፣ የከተማ ነዋሪ ከቤቱ በ300 ሜትር ርቀት ውስጥ፣ በ5 ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ፣ ቢያንስ ከግማሽ እስከ 1 ሄክታር የሚሰፋ የሕዝብ አረንጓዴ ስፍራ ማግኘት አለበት ይላል። ቁም ነገሩ ርቀቱ ላይ ነው። ከከተማ ዳር ደን መከለል መልካም ነው፤ ነገር ግን ጉልበታቸው የደከመ አዛውንትና ሕፃን ያዘለች እናት በየቀኑ እዚያ አይደርሱም። ዝናቡንም አስቡት። አፈርና ሥር ውሃን ያሰርጋሉ፤ አስፋልትና ጣሪያ ግን የወረደውን ሁሉ ወደ ቦይ ይለቁታል፤ ቦዩ ሲሞላ የሚጥለቀለቀው ዝቅ ያለው ሰፈር ነው። ይህንን መሬት ከኮንክሪት ማዳን ብቻውን የጎርፍ መከላከያ ሥራ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን መላ አለው። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1847 የተከፈተው የበርከንሄድ መናፈሻ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ነው፤ ዙሪያው ያለው መሬት ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ መሸጡ ወጪውን ለመሸፈን ረድቷል።

ተከራይዋ፦ እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ መሬቱ ነው፤ በላዩ ስለሚኖሩት ሰዎች ማንም አላነሳም። የአሜሪካዋ ኒው ዮርክ ከተማ ሴንትራል ፓርክ የተባለውን ትልቅ መናፈሻዋን ስትሠራ ምን እንደሆነ አስታውሱ። የኒው ዮርክ ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1853 መሬቱን በሕግ ለማስለቀቅ ፈቀደ፤ እስከ 1857 ድረስ 1,600 ገደማ ሰዎች ተነሱ። በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሠርተው ይኖሩበት የነበረው ሴኔካ ቪሌጅ የተባለ መንደር ከነጭራሹ ጠፋ። ባለይዞታዎቹ እንኳ ካሳ ቢከፈላቸውም ግምቱ አነሰ ብለው የተከራከሩ ነበሩ። እኛ ባነሳነው ጉዳይ ደግሞ ሻጩ ፈቅዶ ስለሚሸጥ ገንዘቡ ሁሉ የእሱ ነው፤ ተከራዩ የሚደርሰው ልቀቅ የሚል ደብዳቤ ብቻ ነው። ቢተርፍ እንኳ ሰፈሩ ሲያምር ኪራዩ ይወደዳል። እኔም ተከራይ ነኝና፣ ጥላው ለማን እንደሆነ ሳይነገረኝ እጄን አላወጣም።

የቤት ችግር ያሳሰበው፦ ሰው መጠለያ አጥቶ እያለ ለሣር መሬት መግዛት ከብዶኛል። ቤት ይሠራበት።

የከተማ ፕላን ባለሙያዋ፦ ወንድሜ፣ ቤትማ ያስፈልጋል። ነገር ግን በአንድ ክፍል ውስጥ ከአምስትና ከስድስት ልጆች ጋር የሚኖር ሰው ነው ደጅ የሚያስፈልገው፤ ሰፊ ግቢ ያለው ሰውማ መናፈሻውን ቤቱ ይዞታል። ቤት ወደ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ የልጆች መሮጫ ግን ወደ ላይ አይቆለልም።

ከባዱ ጥያቄ የእርስዎ ነው፣ እህቴ። ዕቅዱ የተሳለው በባዶው መሬት ላይ ከሆነ ጠርዙ ላይ ያሉትን ቤቶች ማካተት ለምን አስፈለገ? ወሰኑ ከቤቶቹ በፊት ይቁም፤ ቤቶቹንም ከተማው አብሮ ገዝቶ በነበረው ኪራይ ለነዋሪዎቹ ያቆያቸው። የምደግፈው በዚህ መንገድ ከሆነ ነው። ቤተሰቦቹን በትኖ የሚሠራ ከሆነ እኔም ከእርስዎ ጋር እቃወማለሁ።

የበጀት ባለሙያው፦ እንዲህ ከሆነ ልንነጋገር እንችላለን። ለማልማት አንቸኩል፤ መጀመሪያ የእግር መንገድ፣ መብራት፣ መቀመጫና ዛፍ ይበቃል። ፏፏቴውና ሐውልቱ ይቆዩ። የጥገናው ገንዘብ ግን ራሱን የቻለ የበጀት መደብ ኖሮት ከግዢው ጋር በአንድ ስብሰባ፣ በአንድ ድምፅ ይጽደቅ። መሬቱም መናፈሻ ተብሎ ይመዝገብ፤ ነገ የሚመጣ ምክር ቤት ሕዝብ ሳይጠይቅ ቆርሶ እንዳይሸጠው። ግዢውን ዛሬ፣ ጥገናውን ለከርሞ የሚል ሐሳብ ከቀረበ ግን ድምፄ አሁንም ተቃውሞ ነው።

ተከራይዋ፦ የኪራዩም ጉዳይ በዚያው ውሳኔ ላይ በጽሑፍ ይግባ። በቃል የተሰጠ ተስፋ አልቀበልም።