እህቴ ዝም ብላለች፤ በስዕል የሚሰጥ ሕክምና ይረዳታል?

ጠያቂ፦ የእታለም ታናሽ (ደብረ ብርሃን)

እንደምን ሰነበታችሁ። ነገሬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ታላቅ እህቴ ከሦስት ወር በፊት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ከመንዝ እኔ ዘንድ መጣች። ባሏ ለዓመታት ሲደበድባት ኖሯል። እኛ ቤተሰቦቿ ሁለት ጊዜ በሽማግሌ አስታርቀን መልሰናታል፤ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። በመጨረሻ ክንዷን ሰብሯት መጣች። ክንዱ ድኗል፣ እሷ ግን አልዳነችም። ቀኑን ሙሉ ኩርምት ብላ ትውላለች፤ በር ሲንኳኳ ትደነብራለች፤ ሌሊት ትባንናለች። "እታለም፣ ምን ሆነሻል?" ስላት "ምንም" ነው መልሷ። ሆስፒታል ወስጃት አማካሪ ዘንድ ሦስት ጊዜ ገባች። ሦስቱንም ጊዜ እንዳቀረቀረች ወጣች።

ጎረቤቴ ነርስ ናት። "አርት ቴራፒ የሚባል በስዕልና በእጅ ሥራ የሚሰጥ ሕክምና አለ፣ መናገር ላቃታቸው ይሆናል" አለችኝ። እታለም ትምህርት ያቋረጠችው ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እርሳስ ከያዘች ሃያ ዓመት ያልፋታል። ለመሆኑ ነገሩ የእውነት ሕክምና ነው ወይስ ጊዜ ማሳለፊያ? ቤት ውስጥ እኔው ልጀምርላት እችላለሁ? ምን ልግዛ? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሳላውቅ እንዳልጎዳት ምን ልጠንቀቅ?

ጠባሴ ሰፈር

እህቴ፣ ስዕል የሕፃን ጨዋታ ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ውሰጃት፣ ሱባዔ ይዛ ትጠመቅ። ባልየውንም የነፍስ አባቱ ይምከሩት። ትዳር በቀላሉ አይፈርስም።

የጣርማበሯ

ወንድሜ፣ በጠበሉ እስማማለሁ፤ እኔም ጻድቃኔ ሄጄ እፎይ ብዬ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። ግን ክንድ ከተሰበረ በኋላ "በቀላሉ" የምትለዋን ቃል ከየት አመጣሃት? ስዕል የሕፃን ጨዋታ ነው ያልከውን ደግሞ አንኮበር ሄደህ እንዳትደግመው፤ አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱባት አገር ናት።

የሥነ ልቦና ባለሙያ (ሸዋ ሮቢት)

የእታለም ታናሽ፣ በመጀመሪያ ለጥያቄሽ መልስ፦ አዎ፣ የእውነት ሕክምና ነው። "አርት ቴራፒ" የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው አድሪያን ሂል የሚባል እንግሊዛዊ ሰዓሊ ነው። የሳንባ ነቀርሳ ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ መሳል እንደረዳው አይቶ ለሌሎቹ ሕሙማንም አስተማረ። ዛሬ ሞያው በእንግሊዝና በአሜሪካ በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። ስለዚህ አንቺ ቤት ውስጥ የምታደርጊውን "ሕክምና" አንበለው። አንቺ ወረቀትና ጊዜ ትሰጫታለሽ፣ አጠገቧ ትሆኛለሽ። ከወረቀቱ ላይ የሚወጣውን ከእሷ ጋር የሚያስታምመው የሠለጠነ ሰው ነው። ለዚህ ነው የሆስፒታሉን ክትትል እንዳታቋርጡ የምለው።

ለምን ይሠራል? የተደበደበ ሰው ትዝታው እንደ ተረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሰድሮ አይቀመጥም። ሽታ ነው፣ የበር ድምፅ ነው፣ ሆድ ውስጥ የሚላወስ ነገር ነው። "ንገሪኝ" ስትያት ያን ሁሉ በቃል አሰልፊው ማለትሽ ነው፤ ያኔ አፏ ይያዛል። እጅ ግን ሰልፍ አይጠብቅም። ወረቀት ላይ የወጣ ነገር ደግሞ ውጭ ነው ያለው፤ ደብተሩን ትከድነዋለች፣ ስትፈልግ ትገልጠዋለች። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሌላ ነው። ለዓመታት ምን እንደምትለብስ፣ ማንን እንደምታናግር ሌላ ሰው ሲወስንባት የኖረች ሴት፣ ቀዩን ልያዝ ወይስ ጥቁሩን ብላ ራሷ ትመርጣለች። ትንሽ ትመስላለች፣ ትንሽ ግን አይደለችም። ስለዚህ ምርጫውን አትቀሚያት። "ቤት ሳይልኝ"፣ "የሆነውን ሳይልኝ" አትበያት። በተለይ ድብደባውን እንድትስል በጭራሽ አትጠይቂያት፤ ቁስሉን መቀስቀስ ይሆናል።

መሳል አትችልም ብለሽ አትስጊ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካው ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት አንድ ጥናት 39 አዋቂዎችን ለ45 ደቂቃ በፈለጉት ነገር እንዲሠሩ አድርጎ ነበር፤ በሸክላ ጭቃ፣ በቀለም፣ ወረቀት እየቆረጡ። ከእነሱ ውስጥ 75 በመቶው ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞናቸው ቀንሶ ተገኘ። ከዚህ በፊት የሠራና ያልሠራ ሰው ልዩነት አልነበረውም። ትንሽ ጥናት ነው፣ የተጠቁ ሴቶች ላይ የተደረገም አይደለም፤ "ችሎታ የለኝም" ለሚል ሰው ግን መልስ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ባልየው የት እንዳለች ያውቃል? እየደወለ ወይም እየመጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ፍቱ። እየፈራች ያለች ሴት በስዕል አትረጋጋም፤ ፍርሃቷም ልክ ነው። ስትሠራ ትንፋሿ ካጠረ ወይም ዓይኗ ከፈዘዘ ሥራውን አስቁሚያት፣ እግሯን መሬት ላይ ታሳርፍ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ትንካ፣ ዛሬ የት እንዳለች በስም ንገሪያት። ራሷን ስለማጥፋት ካነሳች ግን ነገ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል።

ወስፌ (ሞላሌ)

ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል፣ እኔም እንደ እታለም ነበርኩ።

ከቤቱ ከወጣሁ በኋላ አንዲት አክስቴ ዘንድ ተቀመጥኩ። አክስቴ ቀለም የሚሉትን ነገር አታውቅም፤ አርት ቴራፒ ብትሏት "ምን የሚሉት ቅባት ነው?" ትላችኋለች። ስንደዶዋንና አክርማዋን ውኃ ነክራ፣ ወስፌውን ሰጥታኝ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ የራሷን ሰፌድ ትሰፋለች። አትጠይቀኝም። ወስፌው ይበሳል፣ አክርማው ያልፋል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይበሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ እሱ ሳላስብ እንደዋልኩ የገባኝ ፀሐይዋ ስትዞርብኝ ነው።

የመጀመሪያዋ ሙዳይ ተጣመመች። ፈታኋት። የስፌት ደጉ ነገር መፈታቱ ነው። ሁለተኛዋን ጥቁር አለላ ብቻ አድርጌ ሰፋኋት። ለቡና የመጡ ሴቶች "ምነው የኀዘን አስመሰልሽው?" አሉ። አክስቴ "ተዋት፣ ቀለሙ የእሷ ነው" አለቻቸው። ለእኔ ሕክምናው ያቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ በኋላ ነው ቀስ እያልኩ፣ ዓይኔን ከስፌቱ ሳላነሳ ማውራት የጀመርኩት። ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ዓይን ዓይኗን እያየሽ አትጠይቂያት። ጎን ለጎን ሁኑ።

ሦስት ነገር ልጨምር። ራሷን የመጉዳት ሐሳብ ካላት ወስፌና መቀስ አትስጫት፤ ጭቃ፣ ሊጥ፣ የበግ ጠጉር ስጫት። የመንዝ ሴት አይደለች? እንዝርት እጇ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሥራዋን ለጎረቤት አታሳይባት፣ ስልክሽ ላይም ፎቶ አድርገሽ አትለጥፊ። ሦስተኛ፣ የመጀመሪያውን አትሽጡባት። እኔን "ቆንጆ ነው፣ ለበዓል ሃያ ስሪልን" ብለው ያዘዙኝ ቀን እጄ ደረቀ፤ ለወራት ወስፌ አልነካሁም። ገንዘቡ በኋላ ይመጣል፣ ያስፈልጋልም። መጀመሪያ ግን የራሷ ይሁን።

መምህር (እነዋሪ፣ የሥነ ጥበብ)

ስለ ልጅቷ ማንም አላነሳም። ሰባት ዓመቷ ነው፣ አይታለች፣ ሰምታለች።

ለእሷ ወረቀት መስጠት ቀላል ነው፤ ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ስለው ቤት ለቤት ሲሄዱ ማን አስተማራቸው? ጥንቃቄው የእኛ የአዋቂዎቹ ነው። ስዕሉን አትተርጉሙት። ጥቁር ከቀባች "አዝናለች"፣ አባቷን ትልቅ ከሳለች "ትፈራዋለች" የሚል ነገር በየቦታው ይወራል፤ አንዳንዴ ያለቀባት ቢጫ ቀለም ብቻ ነው። "ይሄ ምንድን ነው?" ከማለት "ስለ ስዕልሽ አጫውችኝ" በያት። ካልፈለገች ተያት። "ጎበዝ፣ እንዴት ያምራል!" ማብዛትም ጥሩ አይደለም፤ ልጅ እኛን ለማስደሰት መሳል ይጀምራል። ስለ ቤታቸው የሚያስደነግጥ ነገር ብትነግርሽ በጥያቄ አታፋጥጫት፣ "ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም" ብለሽ ለአማካሪው አድርሺው።

ስለ ዕቃ፦ ብዙ አታውጪ። የከሰል ስባሪ ይስላል። እርድ በውኃ ሲበጠበጥ ቢጫ፣ ቀይ ሥር ሲቀቀል ውኃው ቀይ፣ የቡና ዝቃጭ ቡናማ ይሆናል። ብሩሽ ከሌለ ጥጥ እንጨት ላይ እሰሪ። ወረቀቱ ግን ትልቅ ይሁን፤ በትንሽ ወረቀት ላይ ሰው ይጨነቃል።

ሕግ አዋቂ ነኝ አልልም (ደብረ ሲና)

ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ስለሠራሁ አጭር ነገር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚደርስ ጥቃትን በስም ጠቅሶ ያስቀጣል፤ "የቤት ጉዳይ ነው" ማለት ሕግ አይደለም። የክንዷን የሕክምና ማስረጃ ከሆስፒታል አውጥታችሁ አስቀምጡ። የምትስለውን ግን ማስረጃ ይሆናል ብላችሁ አታስቡ፣ ለፖሊስም አትውሰዱባት፤ ደብተሩ የእሷ ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በ7711 በነፃ ያማክራል። አዲስ አበባ የሚያርፉበት ቦታ ካስፈለገ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተጠቁ ሴቶችን ያስጠልላል፤ የእጅ ሥራም ያሠለጥናል።

ብቻዋን እንዳልሆነች ንገሪያት። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው በባል ወይም በትዳር ጓደኛ የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው መዝግቧል። እድራችሁ ውስጥ ካሉት ሴቶች ስንቱ ይሆኑ? ቁጠሪው።

ጠባሴ ሰፈር

ትናንት የጻፍኩትን አንብቤ ተኛሁ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አባታችን ጠጥቶ በመጣ ማግሥት እናታችን ሁልጊዜ ከእንዝርቷ አትነሳም ነበር። እኛ ልጆቿ "ሥራ ወዳድ ናት" እንል ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ። ጠበሉን ግን አሁንም ውሰጃት፣ ከመረጠች።

የእታለም ታናሽ (ከስድስት ሳምንት በኋላ)

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለተጠየቅኩት፦ ባልየው እዚህ መሆኗን ያውቃል፤ ሁለት ጊዜ ደውሏል፣ ቁጥሯን ቀይረናል። ማስረጃውንም አውጥተን ነርሷ ጎረቤቴ ቤት አስቀምጠናል።

ያለቀለት ነገር የለም። የገዛሁትን ደብተርና ባለ ቀለም እርሳስ ዘጠኝ ቀን አልነካችውም። አስቀምጬ ዝም አልኩ፣ ለእኔ ከባዱ እሱ ነበር። በአሥረኛው ቀን ቡና እያፈላሁ ልጅቷ መሬት ላይ ተኝታ ስትስል፣ እታለም ከምድጃው ሥር አንድ የከሰል ስባሪ አንስታ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር አጠቆረችው። አራት ወረቀት። ምንም አልጠየቅኳት፤ ወስፌ፣ የአክስትሽን ነገር አስታውሼ ነው። ጣቶቿን ታጥባ "ይሄ ከሰል ጥሩ ይይዛል" አለች። ያን ቀን የተናገረችው እሱን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ የበግ ጠጉር ጠየቀችኝ። አሁን ማታ ማታ ታባዝታለች፣ ትፈትላለች። ልጅቷ በእርድ የቀባችው ሁሉ ቤቱን ቢጫ አድርጎታል፤ አንዱ ነጠላዬ ላይ አለ፣ አይለቅም። ለአማካሪዋ ባለፈው ሳምንት ልቃቂቷን ይዛ ገባች። ምን እንዳወሩ አልነገረችኝም፣ ግን ከወትሮው ቆይታ ነው የወጣችው። አሁንም ትባንናለች።

አሁን ደግሞ ስፌት አምሯታል። አለላ ተነክሮ የተዘጋጀ ልግዛላት ወይስ ጥሬውን ገዝቼ ራሷ ትንከረው?

ወስፌ (ሞላሌ)

ጥሬውን ግዢላት፣ ቀለሙን ራሷ ትምረጥ። ገበያ ጠዋት ሂጂ፣ ከረፈደ ጥሩ ጥሩው ያልቃል። እጇን ዘይት ቀቢያት፣ የአለላ ቀለም ለሳምንት አይለቅም።