የወገብ ጉዳቴ ካሳ ተከለከለ፤ ይግባኙን በየት በኩል ልጀምር?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። በአሜሪካ ጦር ውስጥ መካኒክ ነበርኩ። ከጭነት መኪና ላይ ወድቄ ወገቤን ተጎዳሁ። ክሊኒክ አልሄድኩም፤ ያኔ ለሕክምና የሄደ ሰው ከሥራ እንደሸሸ ነበር የሚታየው። አሁን ኤምአርአይ የዲስክ መንሸራተት አሳይቷል። ለቪኤ (ለአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ሳመለክት ለጆሮ ጩኸት የ10 በመቶ የጉዳት ካሳ ተፈቀደልኝ፤ ወገቡ ውድቅ ሆነ። መርማሪው ሐኪም «በአገልግሎት ጊዜ የሕክምና መዝገብ ስለሌለ ግንኙነት የለውም» ብሏል። መውደቄን ብነግረውም አላነሳውም። የውሳኔው ደብዳቤ ከተጻፈ ዓመት ሊሞላው ነው። አንድ ድርጅት ደግሞ «መቶ በመቶ እናስወስንልሃለን፣ ከሚጨመርልህ ትከፍለናለህ» ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የቨርጂኒያ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ምንም እንዳትፈርም! መጀመሪያ ሰዎቹ የቪኤ እውቅና እንዳላቸው አጣራ። በቪኤ ድረ ገጽ ላይ ስም አስገብቶ ማየት ይቻላል። እንደ አሜሪካን ሊጅን፣ ዲኤቪ እና ቪኤፍደብሊው ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ይረዱሃል።

ሳጅን፦ በቀጥታ ወደ ቪኤ የይግባኝ ቦርድ ሂድ። ዳኛ ያየዋል፣ ይገላግልሃል።

ጡረተኛው፦ ሳጅን ወንድሜ፣ ለዚህ ጉዳይ ቦርድ የመጀመሪያው በር አይመስለኝም። ወረፋው ረጅም ነው።

ከ2019 የካቲት ወዲህ ሦስት መንገድ አለ። ሱፕልመንታል ክሌም (ተጨማሪ ማመልከቻ) አዲስ ማስረጃ ላለው ነው፤ ቅጹ 20-0995 ይባላል። ሃየር ሌቭል ሪቪው የሚባለው ደግሞ ከፍ ያለ ባለሙያ ያንኑ ፋይል እንደገና የሚያይበት ነው። አዲስ ወረቀት አይቀበልም፤ ስህተቱን ግን በስልክ ማስረዳት ትችላለህ። ሦስተኛው ቦርዱ ነው።

አንተ በሁለተኛውም ክርክር አለህ። በ2007 የቬተራኖች ይግባኝ ፍርድ ቤት በዳልተን ጉዳይ የወሰነው ከአንተ ጋር ይመሳሰላል፦ ሐኪሙ ወታደሩ ስለ ጉዳቱ የተናገረውን ትቶ መዝገብ አለመኖሩን ብቻ ከያዘ ምርመራው በቂ አይደለም። ግን ብታሸንፍም ብዙውን ጊዜ የምታገኘው ሌላ ምርመራ ነው። የጎደለህ ሕመሙን ከውድቀቱ ጋር የሚያያይዝ የሐኪም አስተያየት ስለሆነ፣ እኔ ብሆን እሱን ይዤ በሱፕልመንታል እገባለሁ።

ከሁሉም በላይ የአንድ ዓመቱ ቀነ ገደብ እንዳያልፍብህ። ዓመቱ የሚቆጠረው ደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ቀን ነው። በዚያ ውስጥ ካስገባህ፣ ሲፈቀድልህ ክፍያው ወደ መጀመሪያው ማመልከቻህ ተመልሶ ሊታሰብ ይችላል። ካለፈ በኋላም ሱፕልመንታል ማስገባት አይከለከልም፤ ክፍያው ግን ከአዲሱ ማመልከቻ ይጀምራል። የስንት ጊዜ ገንዘብ እንደሚቀር አስበው።

ነርሷ፦ ስለ ሐኪሙ ደብዳቤ ልጨምር። «ሊሆን ይችላል» የሚል ቃል አይጠቅምህም። «ሕመሙ በአገልግሎት ከደረሰው ጉዳት የመጣ የመሆኑ ዕድል ቢያንስ ሃምሳ በመቶ ነው» ብሎ ይጻፍ፣ ምክንያቱንም ያስረዳ። ፋይልህን ማንበቡን መጥቀስ አለበት። ስትወድቅ ያየ ጓደኛ ካለም በ21-10210 ቅጽ ቃሉን ይስጥ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አብሮኝ የነበረ ልጅ አለ፣ ዛሬውኑ እደውልለታለሁ። ባለቤቴስ መጻፍ ትችላለች? ከአገልግሎት ስመለስ ጀምሮ ታውቃለች።

ነርሷ፦ ትችላለች፣ በዚያው ቅጽ። የበሽታውን ስም ትተወው፤ ያየችውን ትጻፍ። ጫማህን ማሰር ሲያቅትህ፣ ሌሊት ሕመሙ ሲቀሰቅስህ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ።

ጡረተኛው፦ የሐኪሙ ደብዳቤ ቢዘገይ እንኳ ዓመቱ እንዳያልፍብህ። የጓደኛህና የባለቤትህ ቃል አዲስ ማስረጃ ነው፤ በእሱ አስገባና ያስገባህበትን ማረጋገጫ ያዝ።